እውነት ወይስ ተረት? የጌሟ ጀግና ልብስ ለምን አጠረ

በቪዲዮ ጌም ውስጥ ስላሉ ሴቶች ክርክር በተነሣ ቁጥር ተመልሰው የሚመጡ ወሬዎች አሉ። ገሚሶቹ ከጌም ሠሪዎቹ አፍ የወጡ ናቸው፤ ገሚሶቹን ደግሞ ጆይስቲክ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው የሚያናፍሷቸው። ብዙዎቹ አንድ ጠባይ ይጋራሉ፤ ሰው ቁጭ ብሎና መክሮበት የወሰነውን ነገር፣ ማንም ሳይወስነው በራሱ እንደመጣ አድርገው ያወሩታል። እጅ ስቶ ነው፣ ገበያው አስገድዶ ነው፣ ታሪኩ ጠይቆ ነው ይባላል። ደጋግመው የሚሰሙትን እያነሣን እንያቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ተረት፦ የላራ ክሮፍት ደረት የተጋነነው በስህተት ነው

ይህን ያልሰማ የጌም ወዳጅ ጥቂት ነው። የቱም ሬይደርን ጀግና ላራ ክሮፍትን የፈጠረው ቶቢ ጋርድ ኮምፒውተር ላይ ሰውነቷን ሲያስተካክል ማውሱ ስቶት ደረቷ በአንዴ 150 ከመቶ አደገ፤ ባልደረቦቹም "አትንካው፣ እንዲሁ ይሁን" አሉት ይባላል።

እውነት ነው እንበል። እጅ የሚስተው ለአንድ ሰኮንድ ነው፤ የሳተውን መመለስም የዚያኑ ያህል ጊዜ ነው የሚወስደው። "እንዲሁ ይሁን" ሲባል ግን ስህተቱ እዚያ ላይ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ውሳኔ ነው።

ቀጥሎ የመጣውንማ ጭራሽ በማውስ ማሳበብ አይቻልም። ጌሙ በእንግሊዟ ደርቢ ከተማ፣ ኮር ዲዛይን በተባለ ድርጅት ተሠርቶ በ1996 ወጣ። ጋርድ መጀመሪያ የነደፈው ወንድ ነበር። ከኢንዲያና ጆንስ ጋር መመሳሰሉ ስላሳሰበ ንድፉ ወደ ሴት ተለወጠ፤ ላውራ ክሩዝ የምትባል ደቡብ አሜሪካዊት ሆና ቆይታ በመጨረሻ እንግሊዛዊቷ ባላባት ላራ ክሮፍት ሆነች። ጌሙ ውስጥ ያለችው ላራ ብቻዋን ዋሻ ለዋሻ የምትዞር፣ ገደል የምትወጣ፣ በሁለት ሽጉጥ ተኩላና ድብ የምትጥል፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። በዚያን ጊዜ ግራፊክስ ፊቷም ደረቷም ማዕዘን በማዕዘን ነበር፤ ማንንም የሚያማልል ነገር አልነበረውም። ገላዋን የሸጠው የማስታወቂያ ክፍሉ ነው። በ1997 ዘ ፌስ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ የሉኮዜድን መጠጥ አስተዋወቀች፤ እሷን መስለው የሚለብሱ ሞዴሎች ተቀጥረው በየኤግዚቢሽኑ ቆሙ። ጋርድ የፈጠራት ሴት እንዲህ ስትቸረቸር ማየት ስላልተዋጠለት፣ ጌሙ በዓለም ዙሪያ እየተቸበቸበ ሳለ በ1997 ድርጅቱን ለቆ ወጣ።

"ላራን ራቁቷን የሚያሳይ ምስጢራዊ ኮድ አለ" የሚለውም በዚያው ዘመን የተወለደ ተረት ነው። ጌሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮድ ኖሮ አያውቅም። የነበረው፣ የውጭ ሰዎች ሠርተው በኮምፒውተር ለሚጫወቱት ያሰራጩት ፋይል ነው፤ የጌሙ አሳታሚ ኤይዶስ በ1999 ፋይሉን የሚያሰራጩትን በጠበቃ ማስጠንቀቂያ አሳደዳቸው። በነገራችን ላይ፣ የመጀመሪያውን ጌም የሠራው ቡድን በጣት የሚቆጠር ሰው ሆኖ ሳለ ሁለት ሴቶች ነበሩበት። ሄዘር ጊብሰን ዋሻዎቹንና አዳራሾቹን ከነደፉት አንዷ ናት፤ ቪኪ አርኖልድ ደግሞ የታሪኩን ጽሑፍ ጽፋለች። ስማቸው ከማውሱ ተረት ያነሰ መታወቁ ይገርመኛል።

ተረት፦ የመጀመሪያዋ ሴት ጀግና የሜትሮይዷ ሳሙስ ናት

አይደለችም። ሚስ ፓክማን በ1982 ወጥታለች፤ ሴትነቷን ለማሳወቅ ቢጫዋ ክብ ላይ ሪቫንና የከንፈር ቀለም ተጨመረላት፣ አለቀ። በ1985 ደግሞ የጃፓኑ ናምኮ ባራዱክ በተባለው ጌሙ የጠፈር ልብስ የለበሰች ሴት ተዋጊ አቅርቧል።

የኒንቴንዶው ሜትሮይድ የወጣው በ1986 ነው። ተጫዋቹ ከራስ እስከ እግሩ ብረት የለበሰ ተዋጊ ይዞ ይጫወታል፤ የእንግሊዝኛው መመሪያ እንኳ ሳሙስን በወንድ አንቀጽ ነው የሚጠራው። ሴት መሆኗ የሚገለጠው ጌሙ ሲያልቅ ነው። ይህን ሁሉም ያደንቃል፣ እኔም አደንቃለሁ። ብዙም የማይወራው አገላለጡ ነው። ከ5 ሰዓት በታች የጨረሰ የራስ ቁሯን አውልቃ ያያታል፤ ከ3 ሰዓት በታች የጨረሰ የብረት ልብሷን ጥላ በስስ ልብስ ያያታል፤ ከ1 ሰዓት በታች የጨረሰ በቢኪኒ። ጎበዝ በሆንክ መጠን ታወልቅልሃለች ማለት ነው። ብረት ለብሳ ጠላት ስትደመስስ የዋለችው ጀግና፣ መጨረሻ ላይ ለተጫዋቹ ጉርሻ ሆና ቀረበች።

ተረት፦ ሴት ገጸ ባሕርይ መጨመር ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል

በሰኔ 2014 ጌም አምራቹ ዩቢሶፍት አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲን በሎስ አንጀለሱ ኢ3 ትርዒት ላይ አስተዋወቀ። አራት ሰው በአንድነት በሚጫወትበት ክፍል አራቱም ወንድ ናቸው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የፈጠራ ዳይሬክተሩ አሌክስ አማንሲዮ ሴት ቢጨመር አኒሜሽኑም፣ ድምፁም፣ ልብሱም እጥፍ ይሆን ነበር አለ። ሌላው የድርጅቱ ባለሙያ ደግሞ ከ8,000 በላይ እንቅስቃሴዎችን በአዲስ አጽም ላይ እንደገና መሥራት ይጠይቃል ሲል አከለ። ቁጥር ሲጠራ ሰው ዝም ይላል፤ አኒሜሽን የማያውቅ ሰው 8,000ን በምን ይከራከራል?

የሚያውቅ ሰው ግን ተከራከረ። የአሳሲንስ ክሪድ 3 የአኒሜሽን ዳይሬክተር የነበረው ጆናታን ኩፐር፣ በእሱ ግምት ሥራው የአንድ ወይም የሁለት ቀን እንደሆነ በትዊተር ጻፈ። በ2012 በወጣው የዚያው ተከታታይ ክፍል፣ ሊበሬሽን፣ ጀግናዋ አቬሊን ናት፤ ኩፐር እንዳስረዳው አቬሊን ከወንዱ ጀግና ከኮነር ጋር የምትጋራው እንቅስቃሴ፣ ሌላኛው ወንድ ኤድዋርድ ከኮነር ጋር ከሚጋራው ይበልጣል። በሌላ አነጋገር፣ በዚያው ተከታታይ ጌም ውስጥ ሴቲቱ የወንዱን እርምጃና ዝላይ ወርሳ ስትሠራ ማንም ተጫዋች ልብ አላለም።

ነገሩን ዘበት ያደረገው ደግሞ ታሪኩ ነው። ጌሙ የፈረንሳይ አብዮት ሲፋፋም በፓሪስ ውስጥ ስለሚንቀሳቀሱ ነፍሰ ገዳዮች ነው። የዚያ አብዮት ዝነኛዋ ነፍሰ ገዳይ ማን ናት? ሻርሎት ኮርዴ። በ1793፣ አኒሜሽን ሳይፈጠር፣ አብዮተኛውን ዣን ፖል ማራን በመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ እንዳለ በቢላዋ ወግታ የገደለችው። ከዩኒቲ በማግስቱ ዓመት በወጣው ተከታዩ ጌም፣ ሲንዲኬት፣ ኢቪ ፍራይ ከመንታ ወንድሟ ከጄከብ ጋር ጀግና ሆና ቀረበች። ያ ሁሉ የተባለለት ሥራ በ12 ወራት ውስጥ ሠሪ አገኘ።

ተረት፦ ሴት ጀግና ጌም አትሸጥም

ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያለው ይህ ነው፤ ብዙ ጉዳትም ያደረሰው እሱ ይመስለኛል። ምክንያቱም ቁጥር አለው። በ2012 ኢዳር የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት ዋና ገጸ ባሕርያቸው ተለይቶ የሚታወቅ 669 ጌሞችን መርምሮ፣ ሴት ብቻ የምትመራቸው 24 ብቻ ሆነው አገኛቸው። ሽያጫቸውም ወንድ ከሚመራቸው ያነሰ ነበር። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው "ይኸው፣ አልተሸጠም" ይላል። ጥናቱ ግን አንድ ነገር ጨምሯል፤ ለእነዚህ ጌሞች ማስታወቂያ የወጣው ገንዘብ ወንድ ለሚመራቸው ከወጣው 40 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከቁናው ግማሹን እንኳ ሳይዘሩ፣ መከሩ ሲያንስ መሬቱን መውቀስ ነው።

እምነቱ ቢሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳዩ ታሪኮች አሉ። የፓሪሱ ዶንትኖድ ስቱዲዮ በ2013 ያወጣውን ሪሜምበር ሚ ለአሳታሚዎች ሲያዞር ጀግናዋ ኒሊን ሴት በመሆኗ ብቻ የመለሱት ነበሩ፤ ይህን የተናገረው የጌሙ የፈጠራ ዳይሬክተር ዣን ማክስ ሞሪስ ነው። ኒሊን ፍቅረኛዋን ስትስም የሚታይበት ቦታም አሳስቧቸው ነበር። ለምን? የሚጫወተው ወንድ ስለሆነ፣ ወንድ ይዞ ወንድ እንደሳመ ይሰማዋል ብለው። በዚያው ዓመት ኖቲ ዶግ ዘ ላስት ኦፍ አስን ሲያወጣ፣ የ14 ዓመቷን ኤሊን ከፊት ሽፋን አንሥታችሁ ከኋላ አድርጉ የሚል ግፊት መጣበት፤ አሻፈረኝ አለ። ለሙከራ የሚጠሩት ተጫዋቾች ውስጥ ሴት እንዲኖር እንኳ ስቱዲዮው ለይቶ መጠየቅ ነበረበት። ሴት ሳይጠይቁ "ሴት ጀግና ተፈላጊ አይደለችም" የሚል ውጤት ማግኘት ምን ይከብዳል!

በ2020 ደግሞ ብሉምበርግ የዩቢሶፍትን ጓዳ ገለጠው። በጥንቷ ግሪክ ላይ የተመሠረተው አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ መጀመሪያ የታቀደው ካሳንድራን ብቸኛ ጀግና አድርጎ ነበር። ከበላይ "አይሆንም" ስለተባለ ወንድሟ አሌክሲዮስ ተጨመረ፤ ተጫዋቹም ከሁለቱ እንዲመርጥ ሆነ። ከዚያ በፊት በወጣው ኦሪጅንስም የግብፃዊቷ የአያ ድርሻ እንዲያንስ ተደርጓል። ታዲያ የኦዲሲ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሲታተም ባለታሪኳ ካሳንድራ ሆና አረፈችው።

ገበያው በበኩሉ ምን አለ? የመጀመሪያው ቱም ሬይደር በሚሊዮኖች ተሸጦ ኩባንያ በእግሩ አቁሟል። በ2017 የወጣው ሆራይዘን ዜሮ ዶውን፣ ፀጉረ ቀይዋን አዳኝ አሎይን ቆዳና ፀጉራም ልብስ አልብሶ ቀስት አስይዞ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሸጧል።

ተረት፦ ኳየት ራቁቷን የሆነችው በቆዳዋ ስለምትተነፍስ ነው

በ2013 ጌም ሠሪው ሂዴኦ ኮጂማ የሜታል ጊር ሶሊድ 5ን ተኳሽ ኳየትን ሲያሳይ፣ በቢኪኒና በተቀዳደደ ስቶኪንግ ጦር ሜዳ ስትውል ያዩ ሰዎች ወቀሱት። እሱም ምክንያቷን ስታውቁ በቃላችሁ ታፍራላችሁ ብሎ መለሰ። ጌሙ በ2015 ወጣ፤ ምክንያቱም ታወቀ። በሕክምና ሰውነቷ ውስጥ በገባ ጥገኛ ተሕዋስ የተነሣ በቆዳዋ ስለምትተነፍስ ልብስ ያፍናታል።

የሚያፍር ሰው እስካሁን አልተገኘም። ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2004 በወጣው በዚያው ተከታታይ ጌም፣ ዘ ኤንድ የተባለ ሽማግሌ ተኳሽ ነበር። እሱም ከፀሐይ ብርሃን ኃይል የሚያገኝ ነው፤ የኋለኛው ጌም እንደሚለው ተሕዋሱም የመጣው ከእሱ ነው። ሽማግሌው ግን ሙሉ ልብሱን ለብሶ ነው ጫካ የሚያድረው። ገጸ ባሕርይ ልብስ አይመርጥም። ደራሲው ነው መጀመሪያ ቢኪኒውን የሣለ፣ በኋላ በሽታውን የፈጠረ።

ተረት፦ ወንዶቹም ተጋንነው ነው የሚሠሩት፤ ታዲያ ምን ልዩነት አለው?

መጋነናቸው እውነት ነው። የጎድ ኦፍ ዎሩ ክሬቶስ ደረቱን ገልጦ ነው የሚዞረው፤ ክንዱም የሰው ወገብ ያክላል። ልዩነቱ የሚገባው ካሜራው የት እንደቆመ ያየ እንደሆነ ነው። የክሬቶስን ጡንቻ ያየ ወንድ "እንደሱ በሆንኩ" ይላል፤ ካሜራው ዳሌው ላይ አይንቀረፈፍም።

በ2010 የወጣው ማስ ኢፌክት 2 ውስጥ ሚራንዳ የምትባል ባለሥልጣን አለች። አባቷ በላቦራቶሪ እንደ ዕቃ አሠርቷት፣ ከእሱ አምልጣ፣ ታናሽ እህቷን ከእጁ ለማዳን የምትጨነቅ ሴት ናት። በመርከቡ ውስጥ ቢሮዋ ገብታችሁ ስለ እህቷ በጭንቀት ስትነግራችሁ፣ ካሜራው ዝቅ ብሎ ከበስተኋላዋ ይቆምና ስክሪኑን በመቀመጫዋ ይሞላዋል። ጸሐፊው አዛኝ ንግግር ጽፏል፣ ተዋናይዋ በሚገባ ተናግራዋለች፣ ካሜራው ግን አይሰማትም። በ2021 ጌሙ ታድሶ ሲወጣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከእነዚህ ቀረጻዎች አንዳንዶቹን ቀየሩ። ሚራንዳ ልብሷም መልኳም አልተነካም፤ ካሜራው ብቻ ፊቷ ላይ ሲሆን ንግግሩ ተሰማ።

ተረት፦ ዋናው ችግር ልብስ ነው፤ ከለበሰች አበቃ

ይህ ከተቺዎቹ ወገን የሚሰማ ተረት ነው፤ በተለይ ጌሙን ሳይጫወቱ ሽፋኑን ብቻ ያዩ ሰዎች ይወዱታል። ባዮኔታን እንውሰድ። በ2009 የወጣችው ይህች ጠንቋይ ልብሷ የራሷ ፀጉር ነው፤ ስትዋጋ ፀጉሯ ወደ መሣሪያነት ሲለወጥ ገላዋ ይገለጣል። የነደፈቻት ሴት ናት፤ ማሪ ሺማዛኪ። በእርቃን ሚዛን ብቻ ከመዘንናት ከኳየት ትብሳለች። ግን ባዮኔታ ተናጋሪ ናት፣ ትቀልዳለች፣ ትንቃለች፣ ጌሙን የምታሽከረክረው እሷ ናት። ሴቶች ተጫዋቾች ራሳቸው በእሷ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ፤ ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም፣ መቋጨትም ያለበት አይመስለኝም።

በአንጻሩ ልብሷ መሬት የሚጠርግ፣ ግን ምንም እንድትሠራ የማይፈቀድላት ሴት አለች። ፒች ከ1985 ጀምሮ ስትጠለፍ የኖረች ልዕልት ናት። በ2005 የራሷ ጌም ሲሠራላት የተሰጣት ኃይል ስሜት ሆነ፤ ስትናደድ በእሳት ትነድዳለች፣ ስታለቅስ እንባዋ ተክል ያጠጣል። ክሪስታል የምትባለዋ ደግሞ ሬር በተባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ ዳይኖሰር ፕላኔት ለሚባል ጌም ጀግና ተደርጋ ነበር የተሠራችው። ጌሙ መሀል ላይ ወደ ስታር ፎክስ ተቀይሮ በ2002 ሲወጣ ተጫዋቹ ፎክስ ሆነ፤ ክሪስታል ክሪስታል ድንጋይ ውስጥ ታስራ የምትጠብቀው ሆነች፤ ልብሷም በዚያው አጠረ። አንዲት ገጸ ባሕርይ ሥራዋንና ልብሷን አብራ ስትነጠቅ እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ስለ ንግግር ቁጥርም አለ። በ2023 የግላስጎውና የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ50 ጌሞችን ንግግር ሰብስበው ቆጠሩ። 6 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ገደማ ቃል፣ ከ13,000 በላይ ገጸ ባሕርያት። ወንዶቹ የሴቶቹን እጥፍ ያህል ይናገራሉ። ከ50ዎቹ 94 ከመቶ በሚሆኑት ወንዱ ይበልጥ ያወራል፤ ሴት ዋና ገጸ ባሕርይ ካላቸው ጌሞች ውስጥ እንኳ እንዲህ የሆኑ አሉ። ረጅም ቀሚስ ይህን አይሸፍነውም።

ተረት፦ ነገሩ ከዓመት ዓመት እየባሰ ነው

በ2016 በቴሬሳ ሊንች የተመራ ጥናት ከ1983 እስከ 2014 የወጡ ጌሞች ውስጥ ያሉ 571 ሴት ገጸ ባሕርያትን አይቷል። ማራቆቱ በ1990ዎቹ ናረ፤ ከ2006 ወዲህ ቀነሰ። ዋና ጀግኖቹ ከረዳቶቹ ይልቅ ተከብረው ቀርበዋል። ይህ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ የ2024ቱ የኮሪያ ጌም ስቴላር ብሌድ ጀግናዋን ኢቭን የሠራው የሞዴል ገላ ስካን አድርጎ ነው፣ በማስታወቂያውም አልደበቀውም።

ተረት፦ እንዲህ ያለ ጌም የተጫወተ ልጅ ሴትን የሚንቅ ይሆናል

ይህን ስጽፍ ከሁለቱም ወገን እንደምወቀስ አውቃለሁ። መረጃው አልለየለትም። በ2015 የታተመ የጀርመን ጥናት 824 ተጫዋቾችን ለ3 ዓመታት ተከታትሎ፣ ጌም በመጫወትና ለሴቶች የተዛባ አመለካከት በመያዝ መካከል ግንኙነት አላገኘም። በ2017 የታተመው የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ 13,520 ወጣቶችን ጠይቆ ግንኙነት አገኘ፤ ግን አነስተኛ ነው፣ የትኛው የትኛውን እንዳመጣም አይለይም። እንግዲህ "ልጄ ጌም ተጫውቶ ነው የተበላሸው" የሚል ወላጅ የሚተማመንበት ሳይንስ በእጁ የለውም።

ግን የሚራንዳን ካሜራ ለመውቀስ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል? ትያትር ላይ ተዋናይቱ ስታለቅስ መብራቱ ጭኗ ላይ ቢበራ፣ ተመልካቹ ወንጀለኛ ይሁን አይሁን ሳንጠይቅ ዝግጅቱ ተበላሸ እንላለን። መጥፎ ሥራን መጥፎ ለማለት በሽታ አምጪነቱን ማስረዳት ግዴታ አይደለም።

ተረት፦ ተቺዎቹ የሚፈልጉት ጌም እንዲታገድ ነው

አኒታ ሳርኪሲያን በ2012 ስለ ጌም ሴቶች ተከታታይ ቪዲዮ ለመሥራት 6,000 ዶላር ለመነች፤ ከ158,000 በላይ ተዋጣላት። ቪዲዮዎቹን ያየ ሰው የሚሰማው አንድን ጌም እየወደዱ መተቸት እንደሚቻል ደጋግማ ስትናገር ነው። ስለ እገዳ አላወራችም። እሷ ላይ ግን የዛቻ መዓት ወረደ፤ በጥቅምት 2014 በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልታደርግ የነበረው ንግግር በጅምላ ግድያ ዛቻ ምክንያት ቀረ። በግዛቱ ሕግ መሠረት ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጥ ይዞ አዳራሽ እንዳይገባ መከልከል ስላልተቻለ የሰረዘችው ራሷ ናት። አፍ ለማዘጋት የሞከረው የትኛው ወገን እንደሆነ እዚህ ላይ ግልጽ ነው።

አንዳንዴ ትችት የሚያመጣው ለውጥ እንዲያውም ያስቃል። በ2016 የኦቨርዋችዋ ትሬሰር ጀርባዋን ሰጥታ ዞር ብላ የምታይበት አቋቋም ለጠባይዋ አይመጥንም ብሎ አንድ ወላጅ ተጫዋች ቅሬታ አቀረበ፤ የጌሙ ሠሪ ብሊዛርድ አነሣው። ሰዉ "ሳንሱር!" ብሎ ጮኸ። በምትኩ የመጣው አቋቋም የድሮ የአሜሪካ ፒን አፕ ሥዕል የሚመስል፣ ከፊተኛው የማይተናነስ ሽሙጥ ያለበት ነበር፤ ልዩነቱ ትሬሰርን ትሬሰር ማስመሰሉ ነው።

ተረት፦ ጌም የወንድ ልጆች ነገር ነው

በአሜሪካ ከተጫዋቹ ግማሽ የሚጠጋው ሴት ነው። በ2014 የአሜሪካ ጌም አምራቾች ማኅበር ባወጣው ቁጥር ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች 36 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከዚያ በታች ያሉ ወንዶች ልጆች 17 ከመቶ ነበሩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የሚያይ ሰው ይህን ላያምን ይችላል፤ አግዳሚው ላይ ተጋፍተው ፊፋ የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። ግን ያ ፊፋ ራሱ በ2015 የሴቶች ቡድኖችን አስገብቷል። ፊፋ 16 ላይ 12 ብሔራዊ ቡድኖች ነበሩ፤ በ2022 ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ሳም ከር ከኤምባፔ ጋር በዓለም አቀፉ ሽፋን ላይ ወጣች። በላብ የራሰ ማልያ ለብሳ፣ ስትሮጥ እንደ ሯጭ፣ ስትመታ እንደ አጥቂ የምትታይ ሴት ናት። እሷን የሠሩት ሰዎች ካሜራውን የት እናቁም ብለው የተጨነቁ አይመስልም፤ ኳሱ ካለበት አቆሙት።

ተረት፦ ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን አይነካም

ፌት ግራንድ ኦርደር የተባለው የጃፓን የስልክ ጌም ውስጥ ንግሥተ ሳባ አለች። የእኛዋ ማክዳ፣ ሰሎሞንን በጥያቄ ልትፈትን የተነሣችው። እዚያ ጌም ውስጥ ግማሽ ጂኒ ናት፤ የእንስሳ ጆሮ ተሰክቶላታል፤ ልብሷም ከሚሸፍነው የሚገልጠው ይበዛል። ኢትዮጵያዊ ወጣት ስሟን ፈልጎ ቢያገኛት፣ ከክብረ ነገሥት በፊት የሚያገኛት በዚህ መልኳ ሊሆን ይችላል።

ለወላጅም የሚጠቅም ነገር ልጨምር። የአሜሪካው ኢኤስአርቢም ሆነ የአውሮፓው ፔጊ ጌም ላይ የዕድሜ ምልክት ይለጥፋሉ፤ እርቃንና ወሲባዊ ይዘት ካለ ይጽፋሉ። ዋሽንግተን ወይም ሮም ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ሰው ሳጥኑን ገልብጦ ማንበብ ይችላል። እኛ ጋ ግን ብዙው ጌም ከሰው ሀርድ ዲስክ ተገልብጦ ስለሚገባ ሳጥንም ምልክትም የለውም፤ ስሙን ስልክ ላይ ጽፎ መፈለግ ግድ ነው። ምልክቱም ቢሆን ስለ ሴቲቱ የሚናገረው ስለሚታየው ገላ ብቻ ነው። ሴቲቱ በጌሙ ውስጥ ምን እንደምትሠራ ለማወቅ ሰው ሲጫወተው የተቀረጸ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ማየት ያስፈልጋል፤ መክፈቻውን ዘሎ፣ ከመሀሉ።